ኮሪደሩ ላይ የቀረው ዱካ

ወንድይራድ፣

ቤቱን ለቅቄያለሁ፤ ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነው። የኮሪደሩን ወለል በሳሙና ብቻ እጠበው፣ በረኪና እንዳታስነካው።

የእናቴን መርዶ የሰማሁ ቀን የኮሪደሩን ወለል ቀለም ቀብቼ ገና አልደረቀም ነበር። አንተ በኋላ «ሊንደሩድ ሰፈር ነበርኩ፣ መርዶህን አልሰማሁም» አልከኝ። ቀለሙ በውሃ የሚበጠበጥ፣ አካባቢ የማይበክል የሚሉት ነው። ስለማይሸት የደረቀ መስሎህ ጫማህን አውልቀህ በካልሲ ገባህ። ዱካህ እስከ መኝታ ቤቴ በር መጥቶ፣ ቆሞ፣ ተመልሷል።

ሳለቅስ ሰምተሃል።

እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ራስህ እስክትነግረኝ ብዬ ነበር።

ትናንት በእንግዶችህ ፊት መጮኼ ልክ አልነበረም፤ ለእሱ ይቅርታ።

ዱካውን ለማስለቀቅ አትድከም። አሥር ዓመት አይለቅም፤ ሥራዬን አውቃለሁ።

ኤዛና