ይነበብልን

ሰኞ፣ መጋቢት 7 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይሄ ደብተር የኔ ነው። ባለ ሃምሳ ቅጠል። የሰጠችኝ መምህርት ሀጂራ ናት። ቀን ቀን አባቷ ሱቅ ጨርቅ ትለካለች፣ ማታ ማታ በመሠረተ ትምህርት እኛን። በአሥራ አምስት ዓመት እበልጣታለሁ፤ ፊት ለፊት ግን እርስዎ ነው የምላት። ጠመኔ የያዘ ሰው አንቺ አይባልም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጻፉ፣ አለዚያ እጅዎ ይረሳል አለችኝ። የኔ እጅ? ሠላሳ ሰባት ዓመት ያለ ፊደል ኖሮ በጥቂት ወር ሰርተፊኬት ያመጣ እጅ ይረሳል? በናዝሬት ባለጋሪዎች ውስጥ በጽሕፈት የሚደርስብኝ የለም። አለሁ የሚል ይጻፍና እንየው።

ዛሬ ከአውቶቡስ ተራ ዘጠኝ ጊዜ ጫንኩ። አንዷ የሻሸመኔ ነጋዴ ነበረች፣ ከሁለት ጆንያ ድንች ጋር። የየሱቁን ሰሌዳ ጮክ ብዬ እያነበብኩ ስነዳ ገበያውን አሳለፍኳት። ሰደበችኝ። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ፈረሴ ድሮ ስሙ ሻምበል ነበር። በዚህ ዘመን ሻምበልን በአለንጋ መምታት ደግ አይደለም ብዬ ዳማ አልኩት። እስካሁን ቅር አላለውም።

እሁድ፣ መጋቢት 13

የባለጋሪዎች ማህበር ስብሰባ። አርባ ሁለት ሰው። ሊቀመንበራችን ጓድ አብተው በማሽን የተጻፈ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። የመገኘት ፊርማ ነው፣ ቶሎ ቶሎ በሉ አለ።

ቀድሜ ተነሳሁ። ብዕር ይምጣልኝ አልኩ፣ የኋላው ሰው እንዲሰማ አድርጌ። ስንት ቀን የተለማመድኳት ፊርማ አለችኝ፣ መጨረሻዋ ላይ እንደ ጅራፍ የምትጠማዘዝ። አስቀመጥኳት። ጭብጨባ ሁሉ ነበር። ከዚያ ሌሎቹ አንድ በአንድ አውራ ጣታቸውን ቀለም እየነከሩ አሳረፉ። ከአርባ ሁለታችን የፈረምኩት እኔ ብቻ!

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለተሻለች አወራሁላት። "ወረቀቱ ምን ይላል?" አለች። የመገኘት ነው አልኳት። አብራኝ ነው የተማረችው፣ ከኔ ይልቅ ቶሎ ታነባለች፤ ለዚህ ነው የቀናችው ብዬ ተውኳት።

ረቡዕ፣ መጋቢት 16



መምህርት የቤት ሥራ ሰጥታን ነበር። ከተማው ውስጥ ከተለጠፈ ማስታወቂያ አምስት መስመር ገልብጣችሁ፣ ተረድታችሁ ኑ። የማህበሩ በር ላይ ያ ወረቀት ተለጥፏል። የት ልሂድ ሌላ? ፊርማዬ አለችበት። እሷን እያየሁ ልገለብጥ ቀትር ላይ ዳማን አስሬ ቆምኩ።

የመገኘት አይደለም። "...በራሳችን ጥያቄና በሙሉ ፈቃዳችን ከሚያዝያ 30 ጀምሮ ከአውቶቡስ ተራ ተነስተን ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ለመሥራት..." ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሐዲዱ ማዶ ማን አለ? አቧራና ቁልቋል። ከአውቶቡስ የወረደ መንገደኛ ሻንጣውን ተሸክሞ እስከዚያ ድረስ ጋሪ ሊፈልግ ነው? አርባ ሁለት ቤተሰብ ምን ሊበላ ነው?

ከሁሉም በላይ ደግሞ የኔ ፊርማ። አንደኛ ቁጥር ላይ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 17

ለመምህርት ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ጠመኔዋን አስቀመጠች። ከዚያ ለኔ የነገሩኝን ነገ ለጓደኞችዎ ይንገሩ፣ ሳያሳምሩ አለች። ሳያሳምሩ! ይቺ ልጅ እንዴት አወቀችኝ?

ዓርብ፣ መጋቢት 18

ተናገርኩ። ጠዋት፣ ተራው ላይ፣ ፈረሶቹ ሳይጫኑ። ቀልድ አልጨመርኩም።

አንዱ "የተማርከው ለዚህ ነው?" አለ። ሌላው አለንጋውን መሬት ላይ ወረወረ። ጋሽ ገርባ ሰዉን ከፍለው ወደኔ መጡ። ከሁላችንም በፊት በዚህ ከተማ ጋሪ የነዱ ሽማግሌ ናቸው፤ እስካሁን አዳማ እንጂ ናዝሬት ብለው አያውቁም። ሁልጊዜ "አካም ቡልቴ ሰብስቤ" ብለው እንዴት አደርክ ይሉኛል። ዛሬ አላሉም።

"እኔ አውራ ጣቴን ያሳረፍኩት ወረቀቱን አምኜ አይደለም" አሉ። "አንተ ስትፈርም አይቼ ነው።"

መሬት ብትውጠኝ...

ከዚያ የገለበጥኩትን ከእጄ ላይ እንዳነብላቸው ጠየቁ። አነበብኩ። ድገመው አሉ። ደገምኩ። በኦሮምኛ አዙረው ለራሳቸው አሉት። "ከዛሬ ጀምሮ ያልተነበበልኝ ወረቀት ይሄን ጣት አያገኝም" አሉና አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ አነሱ። ሁሉም አየ። አልሰደቡኝም። በስድብ ቢያልፉኝ ይቀለኝ ነበር... ግን ደግሞ አመሰግናቸዋለሁ። ትከሻዬን ነክተው ነው የሄዱት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 19

የህብረት ሱቅ፣ የስኳር ሰልፍ። ጋሽ ገርባ ተራቸው ደረሰ። ጸሐፊው መዝገቡን ገፋ፣ ቀለሙን ገፋ። ሽማግሌው ጣታቸውን ኪሳቸው ከተቱ። "ይነበብልኝ።"

ስኳር ነው እኮ አባባ አለ ጸሐፊው። ስኳር መሆኑን ይነበብልኝ አሉ። ሰልፉ ሳቀ። ተነበበላቸው፤ ስማቸው፣ የቤት ቁጥራቸው፣ ኪሎው። ደስ ብሏቸው አሳረፉ። ከኋላቸው ያለችው እናት ልጇን ጀርባዋ ላይ አስተካክላ "ለኔም" አለች። ከእሷ ኋላ ያለችውም። ከዚያማ በቃ። ጸሐፊው ስድስት ሰዓት ላይ ድምፁ ተዘጋ። ውሃ የወሰድኩለት እኔ ነኝ። አላመሰገነኝም፣ እኔ ግን አዝኜለታለሁ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 8

ነገሩ እኛን ጥሎ ሄዷል።

የዱቄት ወፍጮው ጫኞች ይነበብልን ብለዋል። ቦኖ ውሃ ላይ ሴቶቹ ይነበብልን ብለዋል። ዛሬ ደግሞ ራህመቶ፣ እህል የሚያመላልሰው የኤንትሬ ጭነት መኪና ሹፌር፣ መኪናውን አቁሞ ጠራኝ። አርሲ ነገሌ እህል ገበያ ላይ ገበሬዎቹ የርክክቡ ወረቀት ካልተነበበልን ጆንያ አናወርድም ብለው ሦስት ሰዓት አስቁመውኛል፣ ይሄን በሽታ ያመጣው ማነው ይላል። እየሳቀ ነው ግን። እሱም የሚፈርመውን የጉዞ ወረቀት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበው፤ ወረቀቱ ላንጋኖ ላይ ያላወረደውን ዕቃ አውርዷል ይላል አለኝ።

እኔ ነኝ ልለው አፌን ከፍቼ... እውነት እኔ ነኝ? እኔ ስህተቱን አመጣሁ። ጥያቄውን ጋሽ ገርባ። ለኔም ያለችው ያቺ እናት ባትኖር ግን ነገሩ ስኳሩ ላይ ያልቅ ነበር። ስሟን እንኳ አላውቅም። ሰብሳቢ የለው፣ ቃለ ጉባኤ የለው... እንዴት ነው እንዲህ የሚሄደው?

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 13

ቀበሌ ጠሩኝ።

ትናንት ጓድ አብተው ማን ነው ያስነሳችሁ፣ ለኔም ለራስህም አታምጣ ብሎኝ ነበር። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። የፈራው እኔን ነው ወይስ ሌላ?

ተሻለች ብርድ ልብስ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳት። ይሄ ዘመን ብርድ ልብስ ለምን እንደሚያዝ ያስተማረን ነው። በሩ ላይ "ቀልድ እንዳትጀምር" ብቻ አለችኝ።

የጠራኝ የቀበሌ ሹም ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ ያደራጃችሁ ማነው አለ። ማንም። ዓላማችሁ ምንድን ነው? ማንበብ ነው ጓድ። ከማንበቡ ጀርባ? ከጀርባው ያለውን ገና አልተማርንም አልኩት። ቀልድ አልነበረም! እሱ ግን ብዕሩን አስቀመጠ።

በሩ ተንኳኳ። መምህርት ሀጂራ። የክፍላችንን መዝገብ ደረቷ ላይ አቅፋ። ተሻለች ነግራት ከሱቅ ነው የመጣችው፣ ሜትሩ ገና አንገቷ ላይ ነው።

"ያገኛችሁትን ሁሉ አንብቡ ብዬ የቤት ሥራ የሰጠሁት እኔ ነኝ" አለች። "ዘመቻው ማይምነትን አጥፉ ነው የሚለን። ጥፋት ከሆነ የምጠየቀው እኔ ነኝ።"

ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። መዝገቡን ራሷ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ሰውየው መዝገቡን ገለጠ፣ አየን፣ ማኅተሙን አየ። በመጨረሻ የጋሪው ወረቀት በስብሰባ ይነበብ፣ ሌላ ወሬ እንዳልሰማ አለ።

መንገድ ላይ ምን ልበላት? ያን ሁሉ ፊደል አስተምራኝ አንድ ቃል አጣሁ። ጋሪዬ ላይ አውጥቼ ሱቋ አደረስኳት። ቁልቁል ጎንበስ ብዬ እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ። ገባት።

እሁድ፣ ሚያዝያ 18

ፋሲካ። ቤቴ ነኝ። ተመስገን።

እሁድ፣ ሚያዝያ 25

ስብሰባው ተደረገ። አርባ ሁለታችንም፣ ሚስቶች ጭምር። ጓድ አብተው ወረቀቱን ይዞ ቆመ። ጋሽ ገርባ ከፊት ተቀምጠው "ይነበብልን" አሉ። ሁሉም ተቀበላቸው፣ ቀስ ባለ ድምፅ።

አብተው ወረቀቱን ዓይኑ ፊት አቀና። ጉሮሮውን ጠረገ። ዓይኑ መስመሩ ላይ አይሄድም። አንድ ቦታ ተተክሏል። ያቺን ዓይን አውቃታለሁ... ሠላሳ ሰባት ዓመት የኔ ነበረች።

ሰውየው ማንበብ አይችልም።

ያን ቀን አልዋሸንም ለካ። የመገኘት ነው፣ አስፈርም ብለው የበላዮቹ ሰጡት፣ እሱም አምኖ አመጣው። በኋላ ሲያውቅ ደግሞ እንዴት ብሎ ይናገር?

ቀልዱ ምላሴ ላይ መጣ። ሰማንያ ሰው መሬት ላይ የሚያንከባልል ቀልድ። እንደዚያ ያማረ ቀልድ ሁለተኛ አይመጣልኝም። ዋጥኩት።

"ጓድ ሊቀመንበር" አልኩ ተነስቼ፣ "መምህርቴ ሰው ፊት አንብብ ብላኛለች። ዛሬ ለኔ ይልቀቁልኝ።"

አየኝ። ወረቀቱን ሲሰጠኝ ጣቶቹ ቀዝቃዛ ነበሩ።

አነበብኩ። እየተንተባተብኩ፣ ጋሽ ገርባ እያንዳንዱን አረፍተ ነገር በኦሮምኛ እያዞሩ። አንድ ሰዓት ፈጀ። በራሳችን ጥያቄ የሚለው ላይ ስንደርስ ሁሉም በአንድ ላይ አልጠየቅንም አለ። ተሰረዘ። በሙሉ ፈቃዳችን የሚለውም ተሰረዘ። ለምን አውቶቡስ ተራው እንደሚያስፈልገን ሌላ ወረቀት ተጻፈ፤ እሱም ተነበበ። ከዚያ ነው የፈረምነው። አብተው እንደ አባላቱ ይሁንልኝ ብሎ ከሁላችን በፊት ጣቱን አሳረፈ። ወረቀቱን ለበላዮቹ ራሱ ሊያደርስ ወሰደ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 11

መልስ መጣ፤ እስኪመጣ ማንም ከተራው አላነሳንም። እስከ ቀትር አውቶቡስ ተራ፣ ከቀትር በኋላ ሐዲዱ ማዶ። ግማሽ ነው። የጠዋቱ አውቶቡሶች ግን የኛ ናቸው፤ ዳቦው ያለው እዚያ ነው። ተመስገን።

የህብረት ሱቁ ጸሐፊ አሁን ማንም ሳይጠይቀው ያነባል። ጋሽ ገርባም ማታ ማታ ክፍላችን መጥተው ከፊቴ ይቀመጣሉ። "ገ" ላይ ደርሰዋል፤ የስማቸው መጀመሪያ ስለሆነች ማለፍ አልፈለጉም።

ጓድ አብተው በየጠዋቱ የኔን ጋሪ ይጠራል። ሱቆች ሳይከፈቱ በፊት። የሀጂራ አባት ሱቅ በር ላይ ይወርዳል፣ በሩ ግማሽ ተከፍቶ ይጠብቀዋል። ጨርቅ ላስለካ ነው ይለኛል። በየቀኑ ጨርቅ? ይሁን እላለሁ። ዳማን አያለሁ።

ዛሬ ሲወርድ መርገጫው ላይ ቆም አለ።

"ሰብስቤ... ያን ቀን..."

"ያን ቀን ፀሐዩ ከባድ ነበር ጓድ" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ገባ። ጋሪዬን አዞርኩ። ለጋሽ ገርባ አልነገርኩም፣ ለተሻለች እንኳ አልነገርኩም። እኔ ሰብስቤ፣ የዳማን ማስነጠስ ለከተማ የማወራው ሰውዬ! ደረቴ ውስጥ ይዤው አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። አልከበደኝም። የመጀመሪያው አውቶቡስ ገባ፣ መንገደኞች ወረዱ፣ ተራው የኔ ነበር።