ጋፍ የሚሉት ቃል

ሰኞ፣ ኤፕሪል 7

ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ፣ ለዘብ ያለ። አርባ የሸርጣን ወጥመድ አነሳን። ግማሹ ባዶ… ያው እንደ ሰሞኑ።

ልንመለስ ስንል የሠራተኛዬ የሮዴልዮ የዓሣ ማጥመጃ ክር ተወጠረ። ክንዴን የሚያህል ዓሣ። ጀልባዋ ጎን ሲደርስ "ጋፉን አምጣ፣ ቶሎ" አልኩት። መንጠቆውን ማለቴ ነው፤ እጀታው ረጅሙን፣ ትልቅ ዓሣ ወግተን የምናወጣበትን። እሱ ቀና ብሎ ወደ ባሕሩ ዳር፣ ወደ ቤቴ አየ። ዓሣው ክሩን በጥሶ ሄደ።

"ቤት የረሱት ነገር ያለ መስሎኝ ነው፣ ማዳም።"

መጠጥ ቤት ያሉት ልጆች "ና ወደ ጋፌ" እያሉት ቤት ማለት እንደሆነ ለምዷል። ልክ ነው፣ ቤትም ማለት ነው። ምን ልበለው?

ሎርካን ወደቡ ላይ ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። የባሌ ወንድም ነው። ሞተሬን የሚጠግንልኝ እሱ፣ ወሬዬን የሚያዳርስልኝም እሱ።

ሮዴልዮ ከፊሊፒንስ ከመጣ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፣ በትልልቅ የመረብ ጀልባዎች ላይ፤ እኔ ጋ ሁለት ሳምንቱ። አርባ ሁለት ዓመቱ። ዝምተኛ። ሥራ ያውቃል።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 9

ማዕበል። ወደ ባሕር የወጣ የለም።

ገመድ ፍለጋ መጋዘን ገባሁ። ባሌ ኮልም ከሞተ ሦስት ዓመት ገብቼበት አላውቅም። ሳይጨርሳት የቀረችው ባለ ሸራ ጀልባ እዚያው አቧራ ለብሳ… ሮዴልዮ ተከትሎኝ ኖሯል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ረጅም እንጨት እያየ፣ "ይሄ ምንድን ነው?"

"ሸራው ከላይ የሚታሰርበት። ጋፍ ነው የሚባለው።"

ወደ እኔ ዞረ። "ይሄም?"

"ይሄም።"

ከኪሱ ደብተር አውጥቶ ጻፈ። ሎርካን በሩ ላይ ቆሞ፣ "እሷን ደግሞ ጋፈር በላት፤ አለቃ ማለት ነው። ስትቆጣ ግን አጠገቧ አትድረስ" አለው።

ሳቅሁ። እዚያ መጋዘን ውስጥ። ለራሴም ገረመኝ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 24

ማታ ወጥመድ ስንደረድር ሮዴልዮ ጠየቀኝ፦ "ማዳም፣ ጀልባዋን ሊሸጡ ነው የሚባለው እውነት ነው?"

ከገዢው ጋር መነጋገሬን ከሎርካን በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

እውነት ነው አልኩት። መዋሸት አልቻልኩም። ስድሳ አንድ ሞላኝ፣ ጉልበቴ አልቋል፣ ኮልምም የለም። አንገቱን ነቀነቀ። የሥራ ፈቃዱ በእኔ ስም ነው። ጀልባ ከሌለኝ እሱም አገሩ መመለስ ሊኖርበት ነው። ይህን እያወቅሁ ነው የቀጠርኩት… ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

አርብ፣ ኤፕሪል 25

ሎርካን መጣ፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ። "ጋፉን ነፋሁት፣ ደርቭላ። ይቅር በይኝ።" ምስጢር ሲያመልጠን እንደዚያ ነው የምንለው። ሮዴልዮ ጥግ ላይ ሆኖ ደብተሩን አወጣ። ይሄ ሰው… ዛሬም ይጽፋል።

ሎርካንን አላናገርኩትም።

ሐሙስ፣ ሜይ 15

አሁን ነው መጻፍ የቻልኩት። ሆስፒታል አልጋ ላይ ነኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ነው። ወጥመድ እየጣልን ነበር። እኔ ኋላ፣ ሮዴልዮ መሪው ላይ። ከወጥመዱ ጋር የሚሮጠው ገመድ ቁርጭምጭሚቴን ጠመጠመው። አርባ ዓመት ባሕር ላይ ኖሬ… እግሬ የት እንዳለ አላየሁም። መጮህ እንኳ አልደረስኩም። ውሃ ውስጥ ነኝ።

ቅዝቃዜው ትንፋሼን ቀማኝ። የመንሳፈፊያ ጃኬቴ ወደ ላይ፣ ወጥመዱ ወደ ታች። በመሃል እኔ። አንዴ ብቅ ስል "ጋፍ" አልኩ። ማለቴን እርግጠኛ አይደለሁም። ውሃ ጠጣሁ።

መንጠቆው ትከሻዬ ላይ መጣ። የጃኬቴን ማሰሪያ ያዘ። ሮዴልዮ ሞተሩን አቁሞ፣ ጎኑ ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ በአንድ እጁ መንጠቆውን ይዟል። በሌላው በቢላዋ ገመዱን ይቆርጣል። ወጥመዱ ሲጎትተኝ እጀታው መዳፉን ሲገፍፈው አያለሁ። አልለቀቀም። "ማዳም፣ እኔን ይዩኝ፣ እኔን ብቻ" ይለኛል።

ገመዱ ተቆረጠ። በብብቴ ሌላ ገመድ አሳልፎ፣ ወጥመድ በምንስብበት ሞተር አወጣኝ። እንደ ሸርጣን ወጣሁ።

አርብ፣ ሜይ 16

ከሆስፒታል ተመለስኩ። ቁርጭምጭሚቴ አብጧል እንጂ አልተሰበረም። የሮዴልዮ መዳፍ አሥራ አንድ ስፌት ተሰፍቷል።

ሎርካን ወጥ ቤት ተቀምጦ ድንች ይልጣል። አይቀልድም። እንባውን በክንዱ ይጠርጋል። "ወንድሜን ቀበርኩ። አንቺን ልቀብር ነበር" አለ። ተነሥቼ ግንባሩን ሳምኩት። ቂሜ የት እንደገባ አላውቅም።

ሮዴልዮን ጠየቅሁት፦ "ቤት ማለቴ እንዳልሆነ በምን አወቅህ?"

አሰበ። "ውሃ ውስጥ ሆኖ ቤት የማይፈልግ ማን አለ? ቤት ለመድረስ ግን መጀመሪያ መንጠቆው ያስፈልጋል፣ ማዳም።"

ሳቅን። ጎድን አጥንቴን አመመኝ።

ተመስገን። ሌላ ቃል የለኝም።

ሰኞ፣ ጁን 2

ገዢው ደወለ። አልሸጥም አልኩት። ለምን አለኝ። ሰው አገኘሁ አልኩት።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 19

የሮዴልዮ ሚስት ማሪሴል በስልክ ታመሰግነኛለች። ለሥራው። ስለዚያ ማክሰኞ አንዲት ቃል አልነገራትም። እኔ ነገርኳት። "እንዳልደነግጥ ብሎ ነው" አለች።

ካየችው ሦስት ዓመቷ ነው። ለጉብኝት እንድትመጣ የግብዣውን ደብዳቤ እኔ እጽፋለሁ አልኩ። ዛሬ ጀመርኩት። ሎርካን የፊደል ስህተቴን ያርማል፤ እሱም ይሳሳታል።

እሑድ፣ ኦክቶበር 5

ሎርካን ነዳ፤ እኔ ከፊት፣ ሮዴልዮ ከኋላ፣ እስከ ደብሊን አየር ማረፊያ ድረስ። ከመነሣታችን በፊት ሸሚዙን ሁለቴ ቀየረ።

ማሪሴል ወጣች። ትንሽ ሴት፣ ትልቅ ሻንጣ። መጀመሪያ ወደ እሱ ሄደች። ዞር አልን፤ ሎርካንም እኔም የማያስፈልገንን የበረራ ሰሌዳ አነበብን።

ከዚያ ወደ እኔ መጣች። ጎንበስ ብላ እጄን ያዘች። የምትጨብጠኝ መስሎኝ ነበር። አንስታ የእጄን ጀርባ ግንባሯ ላይ አሳረፈችው። ግራ ገባኝ፣ ሮዴልዮን አየሁት።

"እኛ ዘንድ እናትን እንደዚህ ነው ሰላም የምንለው" አለ።

ልጅ አልወለድኩም። ግንባሯ ሞቃት ነበር። እጄን መቼ ማንሳት እንዳለብኝ አላወቅሁም፤ አላነሳሁትም።