ክሊፎርድ ሱቅ ሄዶ የዘገየበት ቀን

ይድረስ ለውድ እትዬ ማርሌን፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ወገብዎ ተሻለዎት? ባለፈው በስልክ ስናወራ ሲያስሉ ሰምቼ ልቤ ሳይረጋ ነው የከረምኩት፤ ሳሉስ ለቀቀዎት? ባለቤትዎ ጋሽ ጄራርድ ጉልበታቸውን ከታከሙ ወዲህ ያለ ምርኩዝ መራመድ ጀመሩ? በፐርዝ ብርዱ ገብቷል ወይስ ገና ነው? እኛስ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነን ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ግን እርስዎን መዋሸት ሰልችቶኛል። እባክዎ ቁጭ ብለው ያንብቡት። እንዳይደነግጡም አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ክሊፎርድ አሁን ከፊቴ ተቀምጦ ፓፓያ እየላጠ ነው።

እንደሚያውቁት ልጆቹ ለሠላሳኛ ዓመት ጋብቻችን ብለው ለአንድ ሳምንት ወደ ሮድሪግስ ደሴት ላኩን። ሁለታችን ብቻችንን የትም ሄደን ስለማናውቅ ሰፈሩ ሁሉ እንደ ሙሽራ ነው የሸኘን። እኔ ግን ሻንጣውን የዘጋሁት በፍርሃት ነበር። እትዬ ማርሌን፣ ወንድምዎ ካለፈው ገና ወዲህ ይረሳል። የዕድሜ ነው እንዳልል ገና ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ያን ሁሉ ዘመን በሮዝ ሂል መንገድ አውቶቡስ የነዳ ሰው፣ አንድ ቀን ከገበያ ሲመለስ የገዛ ቤቱ መታጠፊያ ጠፍቶት መኪናውን ዳር አቁሞ ሲያለቅስ አገኘሁት። «ነዳጅ አልቆብኝ ነው» አለኝ። ነዳጁ ሙሉ ነበር። እኔም «እሺ» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለልጆቹም ለእርስዎም «እሺ፣ ደህና ነን» እያልኩ ኖርኩ። እናታችሁ ሲሞቱ አዝለው ያሳደጉት እርስዎ ነዎትና ይህን መደበቄ ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ።

እዚህ ስንመጣ ግን የድሮው ክሊፎርድ ተመለሰልኝ። በየጠዋቱ ዋኘ፣ ባቄላውን ጠርጎ በላ፣ የእንግዳ ማረፊያዋን ባለቤት ማዳም ሊዜትን በቀልድ ሆዷን አስያዛት። ባሕሩ አዳነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ትናንት የመጨረሻ ቀናችን ነበር። አውሮፕላናችን የሚነሣው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እኔ ልብስ ሳጣጥፍ «ለጎረቤቶቹ አንድ ሁለት ብልቃጥ የሎሚና የቃሪያ አቻር ገዝቼ ልምጣ» አለኝ። ሱቁ ከበሩ ይታያል። ሳምንቱን ሙሉ ብቻውን ለቅቄው አላውቅም ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን «ሂድ» አልኩት። ደስ ብሎት እያፏጨ ወጣ።

አራት ሰዓት ሆነ፣ አልመጣም። ሱቅ ሄድኩ፤ ባለሱቋ «ኧረ እኔ ዛሬ አላየኋቸውም» አለችኝ። ማዳም ሊዜትን ስጠይቃት ሳቀች። «የወንድ ነገር! አንዱ ጋር ሩም እየጠጣ ይሆናላ። አንቺ ደግሞ ገና እንዳገባች ልጅ ትሆኛለሽ እንዴ?» አለችኝ። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ከዚያ ግን ወጣሁ። ጓሮውን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ፍየሎቹ የሚታሰሩበትን ሜዳ ሁሉ ፈለግሁ። አምስት ሰዓት ላይ ባሕር ዳር ስወርድ ሁለቱን ነጠላ ጫማዎቹን አገኘኋቸው፤ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ አፍንጫቸው ወደ ውሃው ዞሯል።

ሸሽቶ የነበረው ባሕር እየተመለሰ ነበር። ኦክቶፐስ ሲያድኑ ያረፈዱት ሴቶች የመውጊያ ብረታቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ከጥልቁ አፋፍ ይመለሳሉ። ሮጬ «አንድ ሰው አላያችሁም?» አልኳቸው። አላየንም አሉ። ከሁሉ የሚበልጡት ማዳም ኤድሜ የሚባሉ ሴትዮ «ዋና አይችልም እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ያን ጊዜ ነው ያወጣሁት። «ይችላል፤ ግን ይረሳል። መንገድ ይረሳል። መመለሻውን አያውቀውም» አልኩ። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ነውር የገለጥሁ መስሎኝ ነበር። ማዳም ኤድሜ ግን ያደኑትን አሸዋው ላይ ዘረገፉና «በሉ እናንተ፣ ምን ትጠብቃላችሁ!» ብለው ወደ ውሃው ተመለሱ። የቀሩት አራቱም ሴቶች ተከተሏቸው። እኔ እዚያው ጫማውን ታቅፌ ቆምኩ። ውሃው ከጉልበታቸው እስከ ወገባቸው ሲደርስ እያየሁ ለእርስዎ ምን ብዬ እንደምጽፍ ነበር የማስበው። ይቅር ይበለኝ፣ የሐዘኑን ደብዳቤ በልቤ ጀምሬው ነበር።

ማዳም ሊዜት ከደጇ ሆና ስትጮህ ሰማሁ። ስልክ ነው። ደዋዩ በደሴቲቱ ዋና ከተማ በፖርት ማቱሪን መናኸሪያ ያለ ዊልሰን የሚባል የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። «ማዳም፣ አንድ ጋሼ ከአውቶቡሴ አልወርድም ብለውኛል» አለኝ። «ከባሕሩ ዳር መንገድ ባዶ እግራቸውን ነው የተሳፈሩት። ዳገቱን በሙሉ ከኋላዬ ተቀምጠው 'ማርሽ ቀንስ፣ ታቃጥለዋለህ' ሲሉኝ ነው የመጡት። ደግሞ ልክ ናቸው።» የእንግዳ ማረፊያውን ቁጥር ከየት እንዳገኘ ጠየቅሁት። «ከኪሳቸው ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። 'ሚስቴ ደብቃ የከተተችው ነው፣ ያላየሁ ይመስላታል' አሉኝ» አለ። ስልኩን ዘግቼ ወደ ባሕሩ ሮጥኩ።

ማዳም ኤድሜ ሲነገራቸው ከውሃ እየወጡ «እሱ አውቶቡስ ላይ ይንፈላሰስ፣ እኔን እዚህ ጨው ያጠጣኝ!» ብለው ተሳደቡ፤ ከዚያ እርጥብ እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ ጭነው ረጅም ጊዜ ቆዩ።

የማዳም ሊዜት ወንድም በፒክአፑ ወሰደኝ። ክሊፎርድ በባዶው አውቶቡስ ውስጥ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል። «ፈረቃዬ አላለቀም» ይላል። ልጮህበት ነበር፤ ዊልሰን በዓይኑ ከለከለኝና ወደ እሱ ጎንበስ ብሎ «ጋሼ፣ ተረካቢው እኔ ነኝ። ያስረክቡኝ እንጂ» አለው። ክሊፎርድ ተነሣ፣ መስታወቱን አየ፣ መሪውን ዳሰሰ፣ «ፍሪሲዮኑ ሊያልቅ ነው፣ ተጠንቀቅ» ብሎ ጨበጠውና ወረደ። ሲያየኝ «ጂኔት፣ ምነው አለቀስሽ? አውሮፕላኑ አመለጠን እንዴ?» አለኝ።

አዎ፣ አመለጠን። አየር ማረፊያው በሌላው ጫፍ ስለሆነ አልደረስንም፤ ለነገ ተቀይሮልናል። በመመለሻው መንገድ ላይ «ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከገና ጀምሮ አልኩት። «እኔ ከዚያ በፊት ነው የማውቀው። አንቺ እንዳትሰሚ እየተጠነቀቅሁ ነበር» አለኝና መስኮቱን ከፈተ። ከዚያ «ለማርሌን ጻፊላት። እኔ እጽፋለሁ ብል እረሳዋለሁ» ብሎ ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

እትዬ ማርሌን፣ እጅግ ጨንቆኛል። ነገ ቤት ስንገባ የመኪናውን ቁልፍ እንዴት ብዬ እቀበለዋለሁ? ለልጆቹ በምን አፌ እነግራቸዋለሁ? ሐኪሙ የሚለውን ከሱ ጋር ልስማ ወይስ ብቻዬን? እርስዎ ከልጅነቱ ያውቁታል፤ ምን ቢሉት እንደሚሰማ ይምከሩኝ። ስለ መደበቄ ከተቆጡም ይቆጡኝ፤ ብቻ ዝም አይበሉኝ።

ጋሽ ጄራርድን ጉልበታቸውን እንዳያጣድፉት አደራ ብላለች ይበሉልኝ። ልጅዎን ሳንድሪንን ከነባሏ ይሳሙልኝ። መንትያ ልጆቻቸውን ጉንጫቸውን ይቆንጥጡልኝ፤ ጥርስ አወጡ መባሉን ሰምተን ደስ ብሎናል። ጎረቤትዎን ማዳም ኦዲልንም ሰላም ይበሉልኝ።

አክባሪዎ ጂኔት
ግራቪዬ፣ ሮድሪግስ
ዓርብ፣ ሜይ 24 ቀን 2019

ማርሌን፣ እኔ ነኝ። ጂኔት ፖስታ ልታመጣ ስትገባ ነው የምጽፍልሽ። ሁሉን በትክክል ጽፋዋለች፤ መፍራቴን ብቻ አልጻፈችም፣ ስላልነገርኳት። አንቺ ግን ትንሽ ሆኜ ስፈራ ምን እንደምመስል ታውቂያለሽ። በሚመጣው ዓመት እመጣለሁ ያልሽውን ተይውና አሁን ነይ። በሩን ስታንኳኪ እኔ ልክፈትልሽ፣ በስምሽም ልጥራሽ።