አውድማ ላይ የተመዘነች ፀሐይ

እናኑ፣

ብዕሩን የያዘችው ስንዱ ናት፣ ልጅሽ። ቃሉ ግን የእኔ ነው፤ አንድ ቃል እንዳትጨምር፣ አንድ ቃል እንዳትቀንስ በሚካኤል አስምያታለሁ።

ከተለያየን ሁለት ዓመት አልፎ ሁለት ወር ሆነ። ደህና ነሽ ወይ አልልሽም፤ ያለሽበትን ካህናቱ ያውቃሉ። እኔ የመጣሁት ልወቅስሽ ነው። በሕይወትሽ ሳለሽ ስወቅስሽ ነጠላሽን አጣፍተሽ ወደ ጓዳ ትገቢ ነበር። አሁን የምትገቢበት ጓዳ የለም፤ ትሰሚኛለሽ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርሽ። ዳልቻው በሬ ባለፈው ክረምት ገደል ገብቶ ሞተ፤ ከጎረቤታችን ከአያሌው ጋር ተቀናጅቼ ነው የማርስ። የጓሮ በርበሬሽን አረም ውጦታል። ከቡሬ ገዝተሽ ያሰቀልሽው ሶላር ጣራው ላይ አለ፤ አንዱ ጥግ ተሰንጥቋል፣ ግን ይሠራል። ጉልበቴ ዳገት አልወጣም ብሏል። ምግብ የአያሌው ሚስት ታቀብለኛለች። ጨው ታበዛለች፤ ነግሬያታለሁ።

ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ሶላር ነው። ያን ጊዜም እንደ ዛሬው ጥር ነበር። ስንዱ ለእረፍት ከፍኖተ ሰላም መጥታለች። ፊዚክስ የምታስተምር ልጅ ወለድሁ እያልሁ በየደቦው ስኮራ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ይህን አትክጂም። ጤፉ ተበራይቶ፣ ገለባው ተነሥቶ፣ ምርቱ ገና ሳይሰፈር አንቺ ጠየቅሻት። «ያ ጣራ ላይ ያለው ጥቁር ሰሌዳ ጉልበቱን ከፀሐይ ያመጣል አልሽኝ። ፀሐይስ ከየት ታመጣለች? ማገዶዋን ማን ያቀብላታል?» አልሻት።

እሷም ከአፍሽ ተቀበለች። ፀሐይ ማገዶ የላትም፤ ማገዶዋ የራሷ ገላ ነው አለች። ይህች የቆምንባት ምድር ከነተራራዋ፣ ከነባሕሯ ሦስት መቶ ሠላሳ ሦስት ሺህ ጊዜ ብትደራረብ ነው የፀሐይን ሚዛን የምታክል አለች። ያ ሁሉ ክብደት ወደ ውስጥ ሲጫን እምብርቷ ይግላል። ከመቀነትሽ አራት ፍሬ ሽምብራ አውጥታ መዳፍሽ ላይ አስቀመጠች። በፀሐይ እምብርት ውስጥ እንዲህ ያሉ ለዓይን የማይታዩ ፍሬዎች አሉ አለች፤ አራቱ ተጨምቀው አንድ ይሆናሉ፤ ያ አንዱ ግን ከአራቱ ድምር ይቀልላል፣ ከሺህ እጅ ሰባት ያህል። ብርሃን ሆና የምትመጣው ያቺ የጎደለችው ናት። እንዲህ እንዲህ እያለ በየሰከንዱ አራት ሚሊዮን ቶን ይጎድልባታል፤ አንድ ቀን ታልቃለች አለች።

አውድማ ላይ! ምርት ባልተሰፈረበት! እዚያ ቦታ «አለቀ» አይባልም፣ «ጎደለ» አይባልም፤ «በረከተ» ነው የሚባል። ስፍሩ እንኳ በዝምታ ነው። የእኔ አያት የሚያውቀውን ነገር ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ልጅ አታውቀውም? መመዘን ካማራት የቡሬ ገበያ ሚዛን ሞልቶ የለም ወይ! ገለባ የምናነሣበትን መንሽ አነሣሁ። «ፀሐይን የመዘነ አፍ የእኔን ምርት አይመዝንም፤ ውጪልኝ!» አልኋት። ደቦው ሁሉ ያያል። ወጣች፤ ያን ቀን ወደ ቤት እንኳ ሳትገባ በእግሯ እስከ አስፋልቱ ሄደች።

የዚያ ዓመት ምርት አነሰ። አላልሁም? አልሁ። በዓመቱ አንቺ ታመምሽ፤ አሁንም አልሁ። የሞትሽ ቀን ደግሞ፣ ድንኳኑ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ «ይህች ልጅ ናት በአፏ የገደለቻት» አልሁ። ስንዱ ከድንኳኑ ጥግ ቆማ ነበር። ከቀብር መልስ እጄን ልትስም መጣች። ነፈግኋት። ይህን ያደረግሁ እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው አይደለም።

አሁን ያንቺን ጥፋት ስሚ።

በኅዳር፣ ለሙት ዓመትሽ፣ ልብስሽን ለነዳያን ልሰጥ ሳጥንሽን ስከፍት ከቀሚስሽ ሥር ደብተር አገኘሁ። አርባ አንድ ዓመት አብሬያት የኖርሁ ሴት፣ እንደ እኔ ፊደል ያልቆጠረች ሴት፣ ደብተር! ድግምት ነው ብዬ ክው አልሁ። በጨርቅ ጠቅልዬ፣ በእጄም ሳልነካው፣ ለንስሐ አባታችን ወሰድሁት። መነጽራቸውን አድርገው ገለጥ ገለጥ አደረጉና ሳቁ። «አንተ ሰው፣ ይህ የፀሐይ ሚዛን ነው እንጂ ድግምት አይደለም። እኔ ቅኔ ነው የተማርሁ፤ ለልጅህ ውሰደው» አሉኝ።

ሚኒባስ ተሳፍሬ ፍኖተ ሰላም ሄድሁ። በመንሽ ያባረርኋትን ልጅ በር ቆሜ አንኳኳሁ። ይህን ውርደት ያከናነብሽኝ አንቺ ነሽ! ወንበር ሰጠችኝ፣ ውሃ ሰጠችኝ። ደብተሩን ስታይ ግን አለቀሰች፤ «እኔ ነኝ ያስተማርኋት» አለች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ካባረርኋት ወዲህ ጠበል ነው እያልሽ በየወሩ የምትሄጂው እሷ ዘንድ ኖሯል። ሀ ሁ ያስቆጠረችሽ እሷ ናት። ወገብሽን አሞሽ መስሎኝ ስንቅሽን እስከ መኪናው የተሸከምሁ እኔ ነኝ! እንዲህ ያለ ጅል አይተሽ ታውቂያለሽ?

ስንዱ አነበበችልኝ። የምድሩ ብዛት አለ፣ አራቱ ሽምብራ አለ። «ፀሐይ የምታልቀው ገና ከአምስት ቢሊዮን ዓመት በኋላ ነው፤ እሱ ግን ይህን ሳይሰማ መንሽ አነሣ» ብለሻል። ከዚያ ቀጥለሽ፣ «ይህን ብነግረው ደስ ይለው ነበር። እኔንም ካባረረኝ ግን ወዴት እሄዳለሁ?» ብለሽ ጽፈሻል።

እናኑ! እኔ አንቺን? መቼ ነው እጄን ያነሣሁብሽ? ይህን ለወረቀት ነግረሽ ሳጥን ውስጥ ከመቅበር ፊቴ ቆመሽ አትነግሪኝም ነበር? ሦስት ቀን እህል አልቀመስሁም፤ ከንዴት ነው፣ ሐዘን አይምሰልሽ። በአራተኛው ቀን አጨዳ ላይ ጎንበስ ብዬ ነገርሽን አሰብሁት። ብትነግሪኝ ምን አደርግ ነበር? መንሼን እፈልግ ነበር። ይህን ከእኔ ቀድመሽ ማወቅሽ ነው ያንገበገበኝ።

ነገሩም ቢሆን ሐሰት አይደለም። በእርጥቡ የተከመረ ክምር ሲጫን እምብርቱ እንደሚግል ከእኔ ወዲያ ማን ያውቃል? እጄን ሰድጄ ተለብልቤበታለሁ። ስንዱ የክምሩ ሙቀት ሌላ፣ የፀሐይዋ ሌላ ነው ትላለች፤ ይኸው አሁንም እየጻፈች ራሷን ትነቀንቃለች። ትነቅንቅ።

ተመልሼ ሄጄ ወደ ቤትሽ ግቢ ብላት እምቢ አለች። «አባዬ፣ እኔን ይቅርታ አይጠይቁኝ። በእማዬ ሬሳ ላይ ነው የተናገሩት፤ ለእማዬ ይንገሯት። እስከዚያ አውድማዎን አልረግጥም» አለች። በለሆሳስ ነው የምትናገረው እንደ አንቺ፤ ድርቅናዋ ግን የእኔ ነው። ይኸው ዛሬ መጥታ ከአውድማው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትጽፋለች። ደቦኞቹ ከብሳናው ዛፍ ሥር ምሳ ላይ ናቸው።

እንግዲህ ስሚ። ስንዱ አልገደለችሽም። የገደለሽ በሽታ ነው፤ ሐኪሙ ስሙን ነግሮኝ ለሰው ደብቄያለሁ። ቃል ሰው ቢገድል ኖሮ በእኔ አፍ ስንት ጊዜ በሞትሽ። ምርቱም ያነሰው ዝናቡ ስላቋረጠ ነው፤ የአያሌውም አንሷል፣ እሱ ፀሐይ የምትመዝን ልጅ የለችውም። ልጄን በሐሰት ከሰስኋት። ይኸው አልሁ።

አንቺን ግን ገና ይቅር አላልሁሽም። ፈርተሽኝ መኖርሽን ሳትነግሪኝ ሞትሽ። ደብተርሽን አላቃጥለውም፤ ከሚካኤል ሥዕል ጎን ሰቅዬዋለሁ። አልረሳሽምም። ሌላው ሰው ሚስቱን በእንባ ያስባታል፤ እኔ በየማለዳው ፀሐይ ስትወጣ ዛሬስ ስንት ጎደለሽ እላታለሁ፣ ከእሷ ቀጥዬ አንቺን እወቅሳለሁ። ወደ አንቺ እስክመጣ ድረስ እንዲሁ ነው።

በይ ስንዱ፣ አንብቢልኝ። ከላይ አይደለም፤ አልገደለችሽም ካልሁበት ጀምሪ። ተነሥተሽ ወደ ብሳናው ዞረሽ፣ ጮክ ብለሽ አንብቢው። ድንኳኑ ውስጥ የሰሙኝ ሁሉ እዚያ አሉ።