ያልወደቀው ሃያ ሴንቲሜትር

ሙንታስ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ አክስቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ባልሽስ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትንሹን ያ ሳል ለቀቀው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እናቴ ወገቤን ትላለች እንጂ ደህና ናት፤ አባቴ ደህና ነው፤ ላሞቹ ደህና ናቸው፤ አባትሽም እንደ ሁልጊዜው፣ ደህና መሆናቸውን ለማንም ሳይናገሩ ደህና ናቸው።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት በደሌን ልናዘዝ። እኔ የወንድምሽ ልጅ፣ ዕድሜዬ አሥራ አምስት፣ አእምሮዬ ጤነኛ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ሰው ወደ ተራራ የሚያወጣው የገመድ ሊፍት ትኬት መሸጫ በር ላይ በተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ «የዛሬ በረዶ 43 ሴንቲሜትር» የሚለውን በጠመኔ 63 አድርጌአለሁ። ሁለት ጭረት ብቻ ነው የፈጀብኝ። ጥፋቱ ትንሽ ነው። ግን አባትሽን ታውቂያቸዋለሽ።

ይህን ያደረግሁት በአንቺ ምክንያት ስለሆነ ከኃጢአቱ ግማሹን ውሰጂልኝ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ረቡዕ ነው። ለትምህርት ቤት እረፍቱ ልጆቹን ይዘሽ ወደ ተራራ ልትወጪ እንደሆነ፣ እኛ ጋ ሙንታስ ይሁን ጎረቤታችን ፕራድሎን ገና እንዳልወሰንሽ፣ ለፕራድሎኑ ሆቴል እስከ ፊታችን ሐሙስ መልስ መስጠት እንዳለብሽ ጽፈሻል። የትኛው እንደሚሻልና በረዶው እንዴት እንደሆነ እውነቱን እንድነግርሽም ለምነሽኛል። ከታች ደግሞ «ለአባቴ እንዳትነግሪ» ብለሽ ሁለቴ አስምረሽበታል። አልነገርኳቸውም። ደብዳቤውን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ረስቼው ወጣሁ እንጂ። መርሳትና መንገር ለየቅል ናቸው።

እሺ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ፕራድሎን አምስት የገመድ መኪና መስመር አላቸው። የሞቀ ውሃ መዋኛ አላቸው። ባለፈው ወር ከትምህርት ቤት ለበረዶ መንሸራተት ውድድር ስንሄድ የሊፍታቸው ወንበር ከሥር ያሞቅ ነበር። መቀመጫዬ ሲሞቅ ኅሊናዬ በረደኝ፤ ግን አልተነሣሁም። ሰልፉ ግን ሌላ ጉድ ነው። ከፊቴ የቆመው ሰውዬ ሰልፍ ሲይዝ ጢም አልነበረውም፤ ወንበሩ ጋ ስንደርስ ጢሙን ያበጥር ነበር። እኛ ጋ ያለው አንድ ባለ ወንበር ሊፍትና አንድ ጎታች ገመድ ነው። ባለ ወንበሩ በቀን ሦስት ጊዜ ይቆማል፤ ሁለቴ የሚያንቀሳቅሰው ሰው ከዘመዱ ጋር ሰላምታ ሲለዋወጥ፣ አንዴ ለምሳ። መዋኛ የለንም። ዋንጫው ግን እኛ ጋ ነው። አሥራ አንድ ልጆች ያሉት ትምህርት ቤት የእነሱን መቶ ሃያ ልጅ አሸነፈ። እኔ ሁለተኛ ወጣሁ፤ አንደኛዋም የእኛ ናት። እነሱን ወደ ላይ የሚያወጣቸው ገመድ ነው፤ እኛ ግማሹን መንገድ በእግራችን ስለምንወጣ ትንፋሻችን የራሳችን ነው።

አሁን ወደ በረዶው። ሐሙስ ዕለት ሙንታስ 43 ሲል ፕራድሎን 110 ብሏል። በሁለቱ መንደሮች መካከል ያለው አንድ ሸንተረር ነው፤ ደመናው እዚያ ሲደርስ መታወቂያ አይጠየቅም። ልዩነቱ መለኪያው እንጨት የቆመበት ቦታ ነው። የእነሱ ከቤተ ክርስቲያናቸው ጀርባ፣ ነፋስ ጠርጎ በሚከምርበት ጥግ ተተክሏል። የእኛ ሜዳው መሃል ነው፤ አባትሽ ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት በተከሉት ቦታ። ትኬት ሻጩ አቶ ኮራይ በየዓመቱ ይለምኗቸዋል። እንጨቱን አሥር እርምጃ ብቻ ወደ ጸሎት ቤቱ ጥግ እናስጠጋው፣ ያም ቢሆን ያው የእግዜር በረዶ ነው ይላሉ። አባትሽም ኮፍያቸውን ያስተካክሉና፣ እግዜር ሜዳውን ትቶ በረዶውን ጥግ ጥጉን ብቻ መጣል ሲጀምር እናስጠጋዋለን ይሏቸዋል።

እኔና ጓደኞቼ «ክቡር ሴንቲሜትር» እንላቸዋለን። ሻይ ሲቀዳላቸው እንኳ ጎንበስ ብለው ብርጭቆውን በጎን ያዩታል። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። የበረዶ ናዳ ጠባቂዎቹ ከሸለቆው ማዶ ደውለው የሚጠይቁት የፕራድሎንን ቁጥር አይደለም። የሽማግሌው ስንት አለ ነው የሚሉት። ስልኩን ያነሣሁት እኔ ከሆንኩ አንገቴ አንድ ክንድ ይረዝማል።

ከሦስት ዓመት በፊት አንቺም ደውለሽ ጠይቀሻል። አጠገባቸው ቆሜ ነበር። እንምጣ ወይ አላልሽም፤ በረዶው ስንት ነው አልሽ። እሳቸውም ኑ አላሉም፤ አሥራ ስምንት አሉና ስልኩን ለአባቴ ሰጡት። አንቺ አትምጡ ማለታቸው ነው ብለሽ ፕራድሎን ገባሽ። እሳቸው ናቀችን ብለው ዝም አሉ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ሸንተረሩን ተከልላችሁ ተኮራረፋችሁ። ሁለታችሁም ትልልቅ ሰዎች ናችሁ። እኔ በአሥራ ሁለት ዓመቴ አፈርኩላችሁ።

ሐሙስ ጠመኔ ያነሣሁት ለዚህ ነው። የመንደሩ ካሜራ ሰሌዳውን በኢንተርኔት እንደሚያሳይ፣ አንቺም ባዝል ከተማ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ እንደምታዪው አውቃለሁ። ለአንድ ሰዓት ያህል 63 አይተሽ ደስ ብሎሽ ከነበረ፣ ያ እኔ ነኝ።

አባትሽ ዳቦ ሊገዙ ሲያልፉ አዩት። አልጮሁም። ጓንታቸውን አውልቀው ስድስቷን በአውራ ጣታቸው ጠረጉና አራት ጻፉ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁለት አካፋና ድርቆሽ ከተራራ የምናወርድበትን ያን ትልቅ የእንጨት ሸርተቴ ይዘው በር ላይ ጠበቁኝ።

«ሃያ ሴንቲሜትር ጨምረሻል፤ ሃያ ሴንቲሜትር ታመጫለሽ።»

ከየት፣ ወዴት አልኳቸው። ከቤታችን በታች ያለችውን፣ አንቺ መንሸራተት የተማርሽባትን ቁልቁለት ታስታውሻታለሽ? ፀሐይ በልቷት ሣሯ ወጥቶ ነበር። ከጫካው ጥላ በረዶ እየጫንሽ እሷን ታለብሻለሽ አሉኝ። ለአባቴ ይግባኝ ብል ሳቀብኝ። እናቴ ጓንት አቀበለችኝ።

ሐሙስና ዓርብ ስጭን ዋልኩ ብልሽ ማጋነን ነው፤ ከትምህርት መልስ ነው። ክንዴ ግን የውሎ ያህል አመመኝ። ዓርብ አመሻሽ ላይ ቅጣትሽ አልቋል አሉኝ። ቅዳሜ ጠዋት የአካፋ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። በመስኮት ስመለከት አባትሽ፣ በሰባ ስድስት ዓመታቸው፣ ሸርተቴውን ብቻቸውን ይጎትታሉ። ወርጄ ይሄኛው ደግሞ የማን ቅጣት ነው ብላቸው፣ የምንጩ ቧንቧ እንዳይቀዘቅዝ በረዶ መልበስ አለበት አሉኝ። የምንጩ ቧንቧ ከቤቱ በወዲያኛው በኩል ነው። የቀበሩትም ራሳቸው ናቸው። ሁለተኛውን አካፋ አነሣሁ።

ስንጭን፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው ሆነው፣ የባዝሉ ትንሹ ልጅ አገጩ የትኛው የካፖርቴ ቁልፍ ጋ ይደርሳል ብለው ጠየቁኝ። ለልጅ ስኪ፣ ያው የበረዶ መንሸራተቻው፣ የሚመረጠው እስከ አገጭ ተለክቶ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ካፖርታቸውን አየሁና ከታች ሦስተኛው አልኩ። የለም፣ በበጋው ፎቶ ላይ ከበሩ እጀታ አልፏል፣ አራተኛው ነው አሉኝ። ያን ፎቶ የላክሽው ለእኔ ብቻ ነበር። ከየት እንዳዩት አልጠየቅሁም። ለካ ጠረጴዛ ላይ የምረሳውን ወረቀት ሁሉ የሚያነብ አለ።

ዛሬም ከቤተ ክርስቲያን መልስ የእሑድ ጫማቸውን ሳይቀይሩ ወረዱ። አቶ ኮራይ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ቆመው ተመለከቱና፣ እንኳን ደስ አለዎት፣ በስተርጅና እርስዎም በረዶ መጨመር ጀመሩ ብለው አሾፉባቸው። አባትሽ አካፋቸውን ተደገፉ።

«እንጨቱን አልነካሁም፣ ኮራይ። የነካሁት በረዶውን ነው።»

አቶ ኮራይ ኮፍያቸውን ነካ አድርገው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔ ያን ጊዜ የተሰማኝ ኩራት ዋንጫውን ስናነሣ እንኳ አልተሰማኝም። ቁልቁለቷ አሁን ከላይ እስከ አጥሩ ድረስ ነጭ ናት። ይህ በረዶ ግን በሰሌዳው አይጻፍም፤ ከሰማይ አልወደቀማ። ስለዚህ በካሜራው አታዪውም። ያየሁትን የምነግርሽ እኔ ነኝ።

እንግዲህ አንቺው ፍረጂ። ፕራድሎን ብትሄዱም አልቀየምሽም፤ መዋኛው በእውነት ጥሩ ነው ይባላል። ግን ኑ የሚለውን ቃል ከአባትሽ አፍ ካልሰማሁ ብለሽ የምትጠብቂ ከሆነ፣ ልጆችሽ አድገው፣ አግብተው፣ የራሳቸውን ልጆች ፕራድሎን ይወስዳሉ።

ልጆቹን ሳሚልኝ። ባልሽንም ሰላም በይልኝ። መንገዳችሁ በየትኛውም ሸንተረር በኩል ቢሆን የቀና ይሁን፤ ጉልበታችሁን ከስብራት፣ መኪናችሁን ከጭጋግ ይጠብቅልን። ለከርሞም በጤና ያገናኘን።

ናፋቂሽ፣
የወንድምሽ ልጅ

አክስቴ፣ ፖስታውን ልልስ ስል ከኋላዬ የመነጽር ማኅደር ሲከፈት ሰማሁ። ከየትኛው መስመር ጀምሮ እንደቆሙ አላውቅም። «ማድላይና» አሉኝ፣ ሙሉ ስሜን፣ ቀስ ብለው። ክቡር ሴንቲሜትር የሚለውን አንብበውት ከሆነ ነገ ሌላ ተራራ ነው የምጭነው። እጃቸውን ዘርግተዋል፤ እስክሪብቶውን አምጪ እያ—

የዛሬው 41 ነው። ይበቃናል።
አባትሽ