የአባባ ሴንጢ ከመስታወት ኋላ

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፣

እንዴት ከረምሽ? ወገብሽን አሁንም ያምሻል ወይስ ተሻለሽ? ልጅሽ ጆሊንስ እንዴት ናት? እኛ ደህና ነን። የባሌ የዱዌይን ጉልበት ዝናብ ሊመጣ ሲል ያመዋል፤ ቲማቲሙ ዘንድሮ ከመብዛቱ የተነሳ ጎረቤቶቻችን ቅርጫት ይዤ ስወጣ ሲያዩኝ በር መዝጋት ጀምረዋል። ሰላምታዬ ይኸው ነው። ከዚህ በላይ አትጠብቂ፤ ተናድጄብሻለሁ። ስልክ ያልደወልኩልሽም ከደወልኩ መጮሄ ስለማይቀር ነው። ወረቀት ሲሆን ቢያንስ ጆሮዬ ላይ አትዘጊብኝም።

ባለፈው ሳምንት ከዱዌይን ጋር ወደ አባባ አገር ወጥተን ነበር። ምክንያቱን ታውቂዋለሽ። ጆሊን በወሩ መጨረሻ ሃያ አንድ ዓመት ይሞላታል። አባባ ደግሞ ሳይሞት ሁለታችንን ፊቱ አስቀምጦ፣ ሴንጢዬና ላይተሬ የጆሊን ናቸው፣ ሃያ አንድ ሲሞላት አንድ ላይ ስጧት፣ እስከዚያ ተካፍላችሁ ያዙልኝ ብሎናል። ላይተሩ እኔ ዘንድ፣ ሴንጢው አንቺ ዘንድ ነበር። በዚያ ሴንጢ ነው እሱና ልጅትዋ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ከጥድ ቁራጭ ወፍ ሲቀርጹ ይውሉ የነበሩት። ማታ ማታ ፍቅፋቂውን የምጠርገው እኔ ስለነበርኩ አልረሳውም።

አንቺ ግን በብርዱ ማብቂያ ላይ ደውለሽ፣ በረዶ የጋገረው ሐይቅ ላይ ዓሣ ሳጠምድ ሴንጢው በማጥመጃው ቀዳዳ ገባብኝ አልሽኝ። አመንኩሽ። አምኜሽም አለቀስኩ። ዓሣ የተጠበሰበት ቤት አልገባም የምትይ ሴት በዚያ ብርድ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ዓሣ ትጠብቃለች ብዬ እንዴት አመንኩ? ዱዌይን ያኔውኑ «እህትሽ ዓሣ?» ብሎ ቅንድቡን አንስቶ ነበር። ዝም በል ብዬ ተቆጣሁት፤ ስላንቺ ብዬ።

ስለዚህ እቅዴ ይህ ነበር፦ ላይተሩን አስጠግናለሁ፤ ከዚያ አባባ ዕድሜውን ሙሉ ምላጭና እጀታ ሲያገጣጥም ከኖረበት ፋብሪካ የእሱን የሚመስል ሴንጢ ፈልጌ እገዛለሁ። ልጅትዋ አንዱን ብቻ እንዳትቀበል። ያጠፋሽውን ልሸፍንልሽ ነበር የሄድኩት፣ ይህን እወቂልኝ።

መጀመሪያ የላይተሩ ፋብሪካ ሄድን። ልጆች ሳለን ከትምህርት ቤት ወስደውን የነበረው ቦታ ነው፤ ሙዚየሙ ብቻ አድጓል። ከእጃችን የወጣ ላይተር የቱንም ያህል ቢያረጅ አምጡት፣ በነጻ እንጠግናለን ያሉት ቃል ዛሬም አልታጠፈም። ግድግዳው ላይ ውሻ ያኘከው፣ ባቡር የሄደበት፣ ከላም ሆድ የወጣ ሁሉ ተደርድሯል። ዱዌይን ሲጋራ ከተወ ስንት ዘመኑ፣ እያንዳንዱ ፊት ቆሞ ሲስቅ በክንዱ እየጎተትኩ ነው ያሳለፍኩት። ጠጋኟ ከመስኮቱ ኋላ የአባባን ላይተር ገልበጥ አድርጋ አየችና፣ «ይሄን ጎድጓዳ ላቅናው ወይስ ልተወው?» አለችኝ። ሰው ከዚህ በፊት አቅኑልኝ ብሎ ሲያበቃ አልቅሶባታል መሰለኝ አጠያየቋ በጥንቃቄ ነበር። እማዬ ሲጋራ እንዲተው ብላ በመዶሻ የመታችው ነው፣ እንዳትነኪው አልኳት። ሳቀች፤ ውስጡን ብቻ ቀየረችልኝ። በመጀመሪያው ሙከራ ነደደ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርሽ አልችልም፤ መንገዱን ሙሉ እየከፈትኩ ስዘጋ ዱዌይን ራሱን አመመው።

በማግስቱ የሴንጢው ፋብሪካ ደረስን። ማሽኖቹ ዝም ካሉ ቆይተዋል፤ አሁን ሕንጻው ራሱ ሙዚየም ነው። አባባ የሚቀመጥበት መስኮት ሥር የፖስታ ካርድ ይሸጣል። በሩ ላይ ወይዘሮ ሊንድስትሮም የሚባሉ አሮጊት ተቀምጠዋል፤ ድሮ ሴንጢ መወልወያው ክፍል ይሠሩ የነበሩ፣ ጣቶቻቸው እስከዛሬ የጠቆሩ። ሱቁ ወደኋላ ነው አሉኝ። ወደ ሱቁ ስሄድ በመስታወቶቹ መካከል አለፍኩ። እዚያ አየሁት።

እህቴ፣ ሐይቅ የበላው ሴንጢ ቀይ ጨርቅ ላይ ተኝቷል። የአጋዘን ቀንድ እጀታው፣ አባባ የቀለም ቆርቆሮ ሲከፍት ጫፏን የሰበራት ትንሿ ምላጭ፣ ሁሉም። ሥሩ «በአንድ ቤተሰብ የተቀመጠ» የሚል ጽሑፍ አለ። አጠገቡ ደግሞ አንዲት ሳንቲም።

ወይዘሮዋን ጠራኋቸውና ይህ ሴንጢ የአባቴ ነው አልኳቸው። ቀና እንኳ ሳይሉ «እዚህ የሚመጣ ሁሉ የአባቴ ነው ይላል፤ የሁሉም አባት እዚህ ነው የሠራው» አሉኝ። እኔም እጀታው ላይ ያለችውን ትንሽ ናስ አሳየኋቸው። እማዬ የመጀመሪያ ቤታችንን ቁልፍ የሰበረች ጊዜ አባባ ከስባሪው ሞርዶ እንዳስገባት ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲያው ታላቂቱ ነሽ፤ ኮስታራዋ» አሉ። ማን ነው ኮስታራ ያለኝ ብላቸው፣ «አባትሽ፤ በምሳ ሰዓት ሁሉ» አሉኝ። ይህንንም ባንቺ ምክንያት ነው የሰማሁት።

ከዚያ የሆነውን ነገሩኝ። በሚያዝያ ብቻሽን መጥተሽ፣ ዝናብ አበስብሶሽ፣ ተቀመጪ ቢሉሽ እምቢ ብለሽ ቆመሽ ነው አሉ ያስረከብሻቸው። እዚያ ቤት ሴንጢ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ ሳንቲም ይሰጡታል፤ አባባ በልደታችን ቀን ሴንጢ ሊሰጠን ሲል ሳንቲሟን ቀድሞ በገዛ ኪሳችን እንደሚከታት ሁሉ፤ መልሰን ስንሰጠው የተገዛ እንዲሆን፣ በነጻ የተሰጠ ስለት ፍቅር ይቆርጣል ስለሚባል። አንቺ ግን ሳንቲሟን አልቀበልም አልሽ አሉ። «እየሰጠሁ አይደለም፣ እያስቀመጥኩ ነው። ሳንቲሟም እዚያው ትጠብቀኝ» ብለሻል። ሌላ ምን አለች አልኳቸው። «ሌላማ ምንም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ መስታወቱ ይቆለፋል ወይ? ቁልፉስ ማን ጋ ነው?» አሉኝ።

ያኔ ፈላሁ። የሚቆለፈው ከማን ነው? ከእኔ? ከአባቴ ቤት አንድ ነገር ሰርቄ የማላውቅ፣ እኔ ሌባ ነኝ? በሩን ወርውሬ ልዘጋ ብል እንኳ ቀስ ብሎ የሚዘጋ ዓይነት በር ነው፤ እሱም አናደደኝ።

መኪናው ውስጥ ገብቼ በደልሽን ሁሉ ዱዌይን ላይ አራገፍኩት። አምና ለምስጋና ቀን ስንመጣ የተርኪው ዶሮ ጥብስ ተቆራርጦ፣ በአሉሚኒየም ተሸፍኖ ጠበቀን፤ ዱዌይን አባባን ተክቶ ሊቆርጥ ሽርጡን ሁሉ አስተኩሶ መጥቶ ነበር። በፕላስቲክ ማንኪያ በላን፤ ቢላዎቹ የት ሄዱ ስልሽ እቃ ማጠቢያው ተበላሽቷል አልሽኝ፣ ቢላና እቃ ማጠቢያ ምን እንዳገናኛቸው እንጃ። በሐምሌ ስንመጣ ደግሞ ገና በሩ ላይ ቦርሳዬን ከትከሻዬ ወስደሽ መኪናዬ ውስጥ መልሰሽ ቆለፍሽበት። ሹራብ መሥሪያዬ፣ መቀሴ፣ ላይተሩ፣ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። እንግዳ ተቀባይነት እንዲህ ነው ወይ? መታጠቢያ ቤት ብገባ በሩ መቀርቀሪያ የለውም፤ በዚህ ዕድሜዬ በእግሬ እየደገፍኩ ተቀመጥኩ።

ዱዌይን እጁን መሪው ላይ አድርጎ ሲሰማኝ ቆየና፣ «የጆሊን ክፍል እኮ በሩም አልነበረውም» አለ። የት ሄዶ አልኩት። «ጋራዡ ውስጥ ተደግፎ አየሁት። ሊቀባ መስሎኝ እህትሽን ልቀባልሽ ብላት ተወው አለችኝ። ኮሪደሩ ላይ፣ ከልጅትዋ ክፍል ፊት፣ ፍራሽ ተጠቅልሎ ነበር።»

አትዘባርቅ፣ ልጨርስ አልኩት። ሌላም ቅሬታ ነበረኝ። በዚያ ሙቀት፣ ውሻው እንኳ ከጥላ አልወጣም ባለበት ቀን፣ ጆሊን የአባባን ወፍራም ሸሚዝ እስከ እጅዋ አንጓ ቆልፋ ለብሳ ነበር። አትሞቂም ወይ፣ እጅጌውን እንኳ ሰብስቢው ብዬ እጄን ብዘረጋ ከየት መጣሽ ሳልል መካከላችን ገብተሽ ሎሚናት ይዘሽ ቆምሽ። ይህን ልነግረው አፌን ከፍቼ ጀመርኩ። «እጅጌውን ሰብስቢ ብላት…» ብዬ ቀረሁ።

ለካ የሚቆለፈው ልጅትዋን ከገዛ እጇ ለመጠበቅ ነው። ንዳ አልኩት። አልነዳም። የመኪናው መስታወት በትንፋሻችን እስኪደበዝዝ እዚያው ተቀመጥን። ዱዌይንን ሲያለቅስ የአባቱ ቀብር ላይ እንኳ አላየሁትም ነበር።

ከዚያ ወርጄ ተመለስኩ። ወይዘሮ ሊንድስትሮም የት ገባሽ አላሉኝም። ላይተሩን ከኪሴ አውጥቼ፣ ይህንንም ከሴንጢው ጋር አስቀምጡልኝ አልኳቸው። «ይሄ የሴንጢ ቤት ነው፤ የላይተሮቹ ቤት ከኮረብታው ወዲያ ነው» አሉኝ። አውቃለሁ፣ አንድ ላይ ነው የሚሰጡት አልኩ። አንዴ አዩኝና ከፈቱልኝ። ጋዙን አፍስሼ፣ እሳት የሚጭረውን ድንጋይ አውጥቼ፣ ከሴንጢው ጎን አስተኛሁት። ሊሄዱ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩና እኔም ጠየቅኳቸው፤ ይቆለፋል ወይ? ዓይኔ እያየ ቁልፉን አዙረው መስታወቱን በእጃቸው ስበው አሳዩኝ። ላንቺም እንዲሁ አሳይተውሽ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

አሁንም ተናድጃለሁ፣ ቀለል ያለኝ እንዳይመስልሽ። ስለ ሴንጢው ግን አይደለም። እማዬ ስትታመም ሌሊቱን ማን ነው የተካፈለሽ? ባልሽ ጥሎሽ የሄደ ሳምንት ማን ነው እቃሽን የጫነው? ይህን ሁሉ ጊዜ ወለል ላይ ተኝተሽ፣ ወገብሽን ስጠይቅሽ የአልጋዬ ፍራሽ ነው እያልሽኝ፣ ዓሣ እያጠመድሽልኝ! ምን ያህል ኮስታራ ብሆን ነው ለእኔ እንኳ የማይነገር? ይህ ነው የሚያበግነኝ። ብታይው ደግሞ ውሸትሽ እንኳ የሚያምር ውሸት አይደለም።

መልስ አልፈልግም። ምንም እንድታስረጂኝ አልጠየቅኩሽም። የምነግርሽን ብቻ ስሚ። ቅዳሜ እመጣለሁ። ለጆሊን፣ አክስትሽ የዱዌይን ማንኮራፋት ሰልችቷት ነው በያት፤ ዱዌይን ስሙን እንድታጠፊ ፈቅዷል። ከዚያ ማታ ጀምሮ ፍራሹ የእኔ ነው፣ አንቺ አልጋሽ ላይ ትተኛለሽ። ስንፈራረቅ እንሰነብታለን፤ የእኔ ወገብ ካንቺ ይሻላል። ለልደቷ አይስክሬም ይዤ እመጣለሁ፣ ሻማ አያስፈልገውም። የቅርጽ ጭቃም ገዝቼላታለሁ፣ ጥሩ ዓይነት፣ በጣት ብቻ የሚሠራ። ወፎቿን ትሥራበት። የአባባን ነገር ከጠየቀችሽ፣ አንድ ላይ ናቸው፣ ጠፍተው አይደለም፣ ይጠብቁሻል በያት። ያቺ ሳንቲምም ትጠብቃት። አንድ ቀን ሦስታችን ሄደን እናመጣቸዋለን፤ ወይዘሮ ሊንድስትሮምም ያን ቀን ሳያዩ እንዳይሞቱ አስጠንቅቄያቸዋለሁ።

እስከዚያ እግዚአብሔር ሌሊቱን ያሳጥርልሽ። ልጅትዋን በእቅፉ ያኑርልሽ፤ አንቺንም እንቅልፍ ይስጥሽ። ስደርስ በሩ ላይ ቆመሽ አትጨነቂ፤ ቦርሳዬን መኪናው ውስጥ ቆልፌበት ነው የምገባው።

ኮስታራዋ ታላቅ እህትሽ