ዋሽቼ የሞላሁት መጠይቅ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2018፣ ደብረ ብርሃን

ዛሬ ጠዋት ስፖርት የምንሠራበት ሜዳ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጥታ ለእኛ ለሴቶቹ የጥናት መጠይቅ አደለችን። አንዱ ጥያቄ «ስፖርት ስሠራ ሰው ካየኝ እጨነቃለሁ» ይላል። ሁላችንም እየተሳሳቅን «በፍጹም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግን። እኔ እኮ ሰው በሱሪ እንዳያየኝ ብዬ እስከ ዛሬ ቀሚስ ደርቤ ነው የምሮጠው!

ልጅቷ ወረቀቱን ሰብስባ ልትሄድ ስትል አላስችለኝ አለ።

«የኔን መልሺልኝማ፣ ዋሽቻለሁ» አልኳት፣ ሁሉም እየሰሙ።

«ውይ አስካለ! አሁን ማን ጠየቀሽ?» ብለው ጎረቤቴ እትዬ አልማዝ ሳቁብኝ። ወረቀቴን ተቀብዬ «በጣም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። በራሴ እንዴት እንደኮራሁ!

ቀና ስል እትዬ አልማዝ ልጅቷን ወደ ጎን ሳብ አድርገው «የኔንም አምጪው እስቲ» ይሏታል።